ትልቁን ጎማ ያላወቀው ቆጣሪ

ቅዳሜ ጠዋት አዳማ ላይ ዋናው አስፋልት ዳር ቁሙና የሚያልፈውን ተመልከቱ። ባጃጅ፣ ጋሪ፣ በጂቡቲ መስመር የሚመላለስ ከባድ መኪና... ከነዚህ ሁሉ መሃል አንዱ ግን አንገታችሁን ያስዞራችኋል፦ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተነሣ ፕራዶ፣ ከሥሩ ጥርሱ የገጠጠ ትልልቅ ጎማ። አጠገቡ ያለችው ቪትዝ የልጅ መጫወቻ ትመስላለች።

እውነቱን ለመናገር ያምራል። ደግሞም ምክንያት አለው። ከመቂ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ከላንጋኖ አስፋልት ወደ ውስጥ የገባ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። በክረምት በሞጆና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር ጎማ ከያዘ አይለቅም፤ በበጋ ደግሞ ኮሮኮንቹና አቧራው አለ። ከፍ ያለ መኪና ሆዱ መሬት አይነካም።

እስቲ ታላቅ ወንድማችሁ ፕራዶ አለው እንበል። አንድ ቀን እንዲህ አላችሁ፦ «ሙሉ ሰስፔንሽን መቀየር ውድ ነው። የፋብሪካውን ሞላና ሾክ እንዳለ ትቼ፣ ሞላው ላይ ስፔሰር አስገብቼ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ ትልቅ ጎማ ማሰር ነው። በቃ!»

ነገሩ በእርግጥ እዚያ ላይ ያበቃል? ጎማ እንደ ጫማ አይደለም፤ ሲጠብ አውልቆ ሰፋ ያለውን ማጥለቅ ብቻ አይበቃም። መኪናው ፍጥነቱን የሚያውቀው፣ ዳገት የሚወጣው፣ የሚቆመው በጎማው መጠን ላይ በተሠራ ስሌት ነው። ጎማውን ስትቀይሩ ስሌቱ ይቀየራል፤ መኪናው ግን መቀየሩን አያውቅም። አንድ በአንድ እንየው፤ ካልኩሌተር ካላችሁ አብራችሁን አስሉ።

ጎማው ላይ የተጻፈው ምን ይላል?

ብዙ ፕራዶዎችና ሃይሉክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጎማቸው ላይ 265/65 አር 17 የሚል ጽሑፍ አለ። 265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የሚለው በመቶኛ ነው፤ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት የሚረግጠው ፊት ድረስ ያለው የጎማ ጎን፣ የስፋቱን 65 በመቶ ያህል ቁመት አለው ማለት ነው። 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

አሁን እናስላ። የ265 65 በመቶ 172 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ እንወስደዋለን፤ 344 ሆነ። 17 ኢንች 432 ሚሊ ሜትር ነው። ሲደመሩ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ወንድማችሁ የመረጠው 285/70 አር 17 ነው እንበል። በዚሁ መንገድ ብታሰሉት 831 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛ 7 ያህል ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያዋን ነገር ልብ በሉ። ጎማው በ55 ሚሊ ሜትር አደገ ማለት መኪናው በ55 ሚሊ ሜትር ከፍ አለ ማለት አይደለም። መኪናው የተቀመጠው በጎማው መሃል ላይ ነው። ስለዚህ የሚያገኘው ግማሹን ብቻ ነው፦ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ከፍታ።

ቆጣሪው የሚቆጥረው ዙር ነው

የፍጥነት መለኪያው መንገዱን አያይም። የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎማው ወይም ከጎማው ጋር የተያያዘው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደዞረ። ከዚያ «አንድ ዙር ይህን ያህል ሜትር ነው» በሚል ከፋብሪካ በተነገረው ቁጥር ያባዛዋል።

የፋብሪካው ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.44 ሜትር ይሄዳል። አዲሱ ጎማ ግን 2.61 ሜትር። በእያንዳንዱ ዙር 17 ሳንቲ ሜትር ሳይቆጠር ያልፋል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል?

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እንውሰድ። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወንድማችሁ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድበት ቆጣሪው 79 ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። 5 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን መንገድ የት ገባ? የትም አልገባም፤ አልተቆጠረም።

ርቀቱ ቢጎድል ብዙ ላይገርማችሁ ይችላል። ፍጥነቱስ? መርፌው 100 ላይ ሲሆን መኪናው 107 እየሄደ ነው። 120 ላይ ሲሆን ከ128 በላይ ነው። በእርግጥ ፋብሪካዎች መለኪያውን ሆን ብለው ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ያደርጉታል፤ የብዙ አገሮች ሕግ መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ስለሚከለክል። ያ ትንሽ ጥንቃቄ ለአሽከርካሪው የተተወ መጠባበቂያ ነበር። ትልቁ ጎማ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው፤ ከዚያ አልፎ ስህተቱን ወደ አደገኛው ጎን ይወስደዋል።

የአደጋ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ፍጥነት በ7 በመቶ ሲጨምር ጉልበቱ በ14 በመቶ ይጨምራል። በደረቅ አስፋልት ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና ከ120 ለመቆም ፍሬን ከያዘበት ቅጽበት ጀምሮ 79 ሜትር ያህል ቢፈልግ፣ ከ128 ሲሆን 91 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ልዩነቱ የአንድ ትልቅ አውቶቡስ ርዝመት ነው። ሹፌሩ ግን «ኧረ 120 ነበርኩ» ብሎ ሊምል ይችላል። አልዋሸም፤ የዋሸው ቆጣሪው ነው።

ፍሬኑ አላደገም

አሁን ወደ ቤታችሁ በር ሂዱ። አንድ ጓደኛችሁ በሩን ማጠፊያው አጠገብ አጥብቆ ይያዝ፤ እናንተ ደግሞ ከጫፉ ግፉ። በቀላሉ ታሸንፉታላችሁ። ምክንያቱም እናንተ ከማጠፊያው ርቃችኋል። ከማጠፊያው በራቃችሁ ቁጥር ትንሽ ኃይል ብዙ ይሠራል።

የመኪና ፍሬን እንደዚያ ጓደኛችሁ ነው። ጎማውን የሚይዘው ከመሃሉ አጠገብ ነው። መንገዱ ደግሞ ጎማውን የሚገፋው ከጫፉ ነው። ወንድማችሁ ጎማውን ሲያሳድግ በሩን አሰፋው፤ ጓደኛችሁ ግን የያዘው እዚያው ቦታ ነው። ስለዚህ መኪናውን በፊት በነበረው መጠን ለማቆም ፍሬኑ 7 በመቶ የበለጠ መጨበጥ አለበት።

ይኸው ሕግ በሞተሩም ላይ ይሠራል። ሞተሩ የሚሰጠው የማዞር ጉልበት አልተለወጠም፤ ጎማው ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ወደፊት የሚገፋው ኃይል በ6.5 በመቶ ያህል ቀንሷል። ከአዳማ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ስትወጡ ታውቁታላችሁ። 75 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣላችሁ። ድሮ በአራተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት አሁን ሦስተኛ ይጠይቃል። አየሩም ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል።

መመለሱ ግን ከመውጣቱ ይብሳል። 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ሲወርድ 15 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ይህ ጉልበት 50 ሊትር የሚሆን የቧንቧ ውሃ አዳማ ላይ ለማፍላት ይበቃል! ከፊሉን አየሩና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል፤ ከፊሉን፣ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረዳችሁ፣ ሞተሩ ይይዘዋል። የቀረው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። በትልቅ ጎማ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበት ኃይልም በ6.5 በመቶ ስለቀነሰ ለፍሬኑ የሚተርፈው ሸክም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደ ቀዝቃዛው አይዝም።

በእግር ጣት መቆም

እስካሁን ያወራነው ስለ ጎማው ነው። አሁን ወንድማችሁ ወደ ጨመራት 5 ሳንቲ ሜትር እንምጣ።

ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። ሃይሉክስ ከሆነ ከኋላ ያለው ባሌስትራ ነው፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ቀስት የሚወረውር መሣሪያም ማለት ነው። የተደራረበውን ቆልማማ ብረት ያየ ሰው ለምን እንደተባለ ይገባዋል። ሾኩ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ሞላው እንዳይዘል ያበርደዋል፣ ብዙ ጊዜም ጎማው ወደ ታች እስከየት መንጠልጠል እንደሚችል የሚወስነው ርዝመቱ ነው።

አሁን ቁሙ፤ በእግር ጣታችሁ። ረዘማችሁ አይደል? ግን እግራችሁ አልረዘመም። በዚህ አቋቋም እያላችሁ መሬቱ ድንገት ዝቅ ቢል የምትዘረጉት ነገር የላችሁም፤ ተዘርግታችሁ ጨርሳችኋል።

ሞላው ላይ ስፔሰር ማስገባት ይኸው ነው። ለምሳሌ መኪናው በቆመበት ጎማው ሌላ 9 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች መውረድ ይችል ነበር እንበል። 5ቱን ስፔሰሩ ወሰደ። የቀረው 4 ነው። ሾኩ የፋብሪካው ስለሆነ አልረዘመም። መኪናው ኮሮኮንች ላይ ጉድጓድ ሲያገኝ ጎማው ተከትሎ መውረድ ያቅተዋል፤ ሾኩ ጫፉ ድረስ ተስቦ «ቋ!» ይላል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ አይሾፈርም፣ ፍሬንም አይዝም።

ወደ ላይስ? ብዙ ሰው «ከፍ ስላደረግሁት ለትልቁ ጎማ ቦታ አገኘሁ» ይላል። መኪናው ሲቆም እውነት ነው። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ሲወጣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞላው እስከ መጨረሻው ሲታመቅ፣ ጎማው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ጋር እዚያው ቦታ ድረስ ነው የሚገባው። የገባው ግን ትልቁ ጎማ ነው። መሪው ተጠምዝዞ ከሆነ ፓራፋንጎውን ይፈቀፍቃል። ጋራዥ ውስጥ ጸጥ ያለው መኪና ኮረብታ ላይ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከፊት ጎማውን የሚያዞሩት ዘንጎች ጫፋቸው ላይ መታጠፍ የሚችል መገጣጠሚያ አላቸው፤ መካኒኮች ሲቪ ጆይንት ይሉታል። በግራሶ ተሞልቶ በላስቲክ ይሸፈናል። መኪናው ከፍ ሲል ዘንጉ ይበልጥ ስለሚያጋድል ላስቲኩ ያለማቋረጥ ይጨማደዳል፤ አንድ ቀን ይቀደዳል። እዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆው መሬት የራሱን ነገር ይጨምራል። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለው አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ቀላል አረፋማ ድንጋይ ነው፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው ደቃቅ መስታወት ነው። ግራሶ ውስጥ ሲገባ ግራሶው ማለስለሱ ቀርቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይሞርዳል።

መኪናው ሲያዘነብል

ከሁሉ የሚከብደው ይሄኛው ነው። መኪና የመገልበጥ ዝንባሌው በሁለት ቁጥሮች ይለካል፦ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት እና የክብደቱ ማዕከል ከመሬት ያለው ከፍታ። ስፋቱን ለከፍታው እጥፍ ስታካፍሉት የምታገኙት ቁጥር ትልቅ ከሆነ መኪናው ተደላድሏል፤ ትንሽ ከሆነ ይገለበጣል። ለዚህ ነው ዝቅ ያለ ሰፊ በርጩማ የማይወድቀው፣ ረጅሙ ጠባቡ ግን በቀላሉ የሚወድቀው።

ለስሌት እንዲመቸን ስፋቱን 1.58 ሜትር፣ የክብደቱን ማዕከል ከፍታ 75 ሳንቲ ሜትር እናድርገው። ውጤቱ 1.05 ነው። ስፔሰሩና ጎማው ተደምረው ማዕከሉን በ7 ሳንቲ ሜትር ቢያነሡት ከፍታው 82 ይሆናል፤ ውጤቱ ወደ 0.96 ይወርዳል። ኩርባ ላይ መኪናን ወደ ውጭ የሚያጋድለው ነገር ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ በአንድ ኩርባ ላይ ድሮ 80 ላይ የነበረው የመገልበጫ ጣሪያ አሁን 76 ላይ ይሆናል።

አሁን ሁለቱን ስሌቶች አገናኟቸው። ጣሪያው ወደ 76 ወረደ። ቆጣሪው ደግሞ በ7 በመቶ ያሳንሳል። ስለዚህ መኪናው 76 ሲደርስ መርፌው የሚያሳየው 71 ወይም 72 ነው። ለዓመታት «እዚህ ኩርባ ላይ ከ75 አላልፍም፣ ምንም ሆኖ አያውቅም» ሲል የኖረ ሹፌር፣ ያንኑ ልማዱን ይዞ አደጋው ክልል ውስጥ ገብቷል። እጁ አልተሳሳተም፤ የተማረው በሌላ መኪና ነው።

አንድ ነገር በሐቅ እንጨምር። በደረቅ አስፋልት ላይ መኪና ብዙ ጊዜ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። መገልበጥ የሚመጣው ጎማው የሆነ ነገር ሲጠልፈው ነው። ድንገት ጋሪ ወይም አህያ ገብቶ ሹፌሩ መሪውን ሲጠመዝዝ፣ ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወርዶ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሲሰካ። በእኛ መንገዶች ላይ ይህ የሚያስገርም ክስተት አይደለም።

ታዲያ ይቅር?

የግድ አይደለም። ትልቅ ጎማ ጉድጓድን በቀላሉ ይሻገራል፤ ሆድ ያስነሣል። ግን ወንድማችሁን እነዚህን ጠይቁት።

መጀመሪያ፣ «የምትፈልገው አሸዋና ጭቃ ማለፍ ነው ወይስ ማማር?» በሉት። ለአሸዋ ከሆነ ርካሽ መፍትሔ አለ፦ አየር መቀነስ። 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ጎማው 550 ኪሎ ይሸከማል። በ32 ፒኤስአይ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ 245 ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ 20 ሲወርድ 390 ይደርሳል። በግምት 60 በመቶ የሰፋ እግር፣ ያለ አንድ ብር ወጪ! ከአሸዋው ሲወጣ ግን ፍጥነት ሳይጨምር መልሶ መንፋት አለበት፤ አየሩ ያነሰ ጎማ አስፋልት ላይ ይግላል፣ ይፈነዳል።

ከወሰነ ደግሞ፣ ስፔሰሩን ብቻ ሳይሆን ለአዲሱ ከፍታ ልክ የሆነ ረዘም ያለ ሾክም ያስብበት። የጎማ አቀማመጥ ልኬት ያሠራ፤ ቁመቱ ሲለወጥ እሱም ይዛባል። የፊት መብራቱን ዝቅ ያስደርግ፤ አለበለዚያ ማታ ከፊቱ የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። መለዋወጫ ጎማውም ያው መጠን ይሁን። ቦሎ ለማውጣት ከመሄዱ በፊትም ለውጡ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ግን ቆጣሪውን ያስተካክል፣ ካልቻለም ትክክለኛውን ፍጥነት ይወቅ።

ይቺን የመጨረሻዋን እናንተ ልታደርጉለት ትችላላችሁ። ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መኪናውን ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ይንዳው፤ ምልክቱ አንድ ዙር ዞሮ መሬት ሲነካ እዚያም አስምሩና በሜትር ለኩ። 2.44 ካልሆነ ያገኛችሁትን ለ2.44 አካፍሉ። ከዚያ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ጻፉ፦ «መርፌው ሲል» እና «እውነቱ»። 50 – 53፣ 80 – 86፣ 100 – 107፣ 120 – 128። መሪው አጠገብ ለጥፉለት።

ቆጣሪው ጎማው መቀየሩን አያውቅም። ሹፌሩ ግን ማወቅ አለበት።